ወተት «ይቅርብን» ላለ ደንበኛ ዋጋ መቀነስ ያዋጣል?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ከገበሬ የተረከብኩትን ወተት ቤት ለቤት በወር ኮንትራት አከፋፍላለሁ። 120 ደንበኛ አለኝ፤ አብዛኛው በቀን 1 ሊትር ነው የሚወስደው። በ70 ብር ገዝቼ በ90 ብር እሸጣለሁ፤ የወሩን 2,700 ብር በቅድሚያ እቀበላለሁ። ለባጃጅ፣ ለአመላላሹ ልጅ ደመወዝ፣ ለዕቃና ለሚበላሸው በሊትር ወደ 8 ብር ይወጣብኛል። ባለፈው ሁዳዴ ብዙ ሰው ሲያቋርጥብኝ ደንግጬ፣ ከዚያ ወዲህ ‹ላቁም› ላለኝ ሁሉ 20 በመቶ መቀነስ ጀመርኩ። አሁን 31 ሰው በቅናሽ ነው የሚወስደው፤ በየሳምንቱም አዲስ ሰው ‹ላቁም› እያለ ይደውላል። ልቀጥልበት ወይስ ይቅር?»

ለአዲስ ሰው መስጠቱን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ። ለ31ዱ የገቡትን ቃል ግን በአንድ ጀምበር አያፍርሱ፤ እንዴት እንደሚወጡበት ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው።

የ90 ብር 20 በመቶ 18 ብር ነው። ከአንድ ሊትር የሚተርፍዎት 20 ብር ነበር፤ ወጪው ሲነሣለት 12 ብር ይሆናል። ስለዚህ በቅናሽ በሚሸጡት በያንዳንዱ ሊትር ላይ 6 ብር ከኪስዎ እየጨመሩ ነው። «ባጃጁ እንደሆነ ለሌላውም ሰው መሄዱ አይቀርም፤ አንድ ደንበኛ ቢቀር ነዳጁ አይቀንስም» ሊሉኝ ይችላሉ። ልክ ነዎት። ከ8 ብሩ 5ቱ የባጃጅና የደመወዝ ነው፣ አንድ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ይወጣል፤ 3ቱ ደግሞ ከሊትሩ ጋር የሚሄድ የጠርሙስና የብልሽት ወጪ ነው እንበል። እንግዲህ አንድ ሊትር ሳይሸጥ ሲቀር በትክክል የሚያጡት 90 ሲቀነስ 70፣ ሲቀነስ 3፣ ማለትም 17 ብር ነው። ይህችን 17 ብር ይያዙልኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚሄደው። የራስዎን ወጪ ሲከፋፍሉት ቁጥሩ 15 ወይም 18 ሊወጣ ይችላል፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም።

17 ብር የሚያተርፍ ሊትር ላይ 18 ብር ከቀነሱ በሊትር 1 ብር ይከስራሉ። 31 ሰው በ30 ቀን ሲባዛ በወር 930 ብር ነው። ይህም 31ዱም ያለ ቅናሽ በእርግጥ ይሄዱ ነበር ብለን ለእርስዎ አድልተን ስናሰላው ነው። እውነቱ ግን ከእነሱ ውስጥ ገሚሱ «ቀንስልኝ» ለማለት ያፈረና «ላቁም» ማለት የቀለለው ሰው ነው፤ ባይቀነስለትም ይቆይ ነበር። ከእሱ ላይ በየወሩ 540 ብር በገዛ እጅዎ መልሰውለታል።

ማንኛውንም የማቆያ ቅናሽ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ማካፈል ይሥሩ፤ የሚቀንሱትን ብር ሊትሩ ለሚያተርፍልዎት ብር ያካፍሉት። 10 በመቶ ቢቀንሱ 9 ብር ነው፤ 9 ለ17 ሲካፈል 0.53 ይሆናል። ትርጉሙ ቅናሹን ከሚወስዱ 10 ሰዎች ቢያንስ 6ቱ ያለ ቅናሹ በእርግጥ የሚሄዱ ካልነበሩ አላዋጣዎትም ማለት ነው። 5 በመቶ ቢሆን (4 ብር ከ50) 3 ሰው ይበቃል። 20 በመቶው ሲካፈል ከ1 በላይ ይመጣል፤ 10ሩም የሚሄዱ ቢሆኑ እንኳ ኪሳራ ነው። አሁን ደግሞ ቅናሹን በጊዜ እንገድበው። 9 ብሩን ለ2 ወር ብቻ ሰጥተው ደንበኛው በጠቅላላ 6 ወር ቢቆይ፣ በአማካይ የቀነሱት በሊትር 3 ብር ነው፤ 3 ለ17 ሲካፈል 0.18 ነው። ከ10 ሰው 2 ሰው ብቻ በእውነት ከማቋረጥ ከተመለሰ አዋጣ ማለት ነው። የእርስዎ ቅናሽ ያቃጠለዎት በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ የሚያበቃበት ቀን ስላልተቆረጠለትም ነው።

ይህ ሁሉ ግን ደንበኛው የሚሄደው በዋጋ ምክንያት ከሆነ ነው። በሰሜን ሸዋ ከተሞች የወተት ደንበኛ ከሚያቋርጥባቸው ምክንያቶች ዋጋ አንዱ ብቻ ነው፣ ዋነኛውም አይመስለኝም። ችግሩ ይሉኝታ ነው። ሰው «ወተትህ ውሃ ገብቶበታል» ብሎ ከማስቀየም «ልጆቹ ጠሉት» ማለት ይቀለዋል። «ለጊዜው ይቅርብን» የምትለው አንዲት ሐረግ ጾም ገባ፣ ብር አጠረን፣ ጎረቤት ላሟ ወለደች፣ ልጅህ አርፍዶ ይመጣል፣ ትናንት ሲፈላ ተቆራረጠ፣ አዲስ አበባ ልንገባ ነው፤ ሁሉንም ትሆናለች። «ለምን?» ተብሎ በደረቁ የተጠየቀ ሰው ደግሞ የሚመልሰው «እንዲያው ነው» ብሎ ነው። የሚሠራው አጠያየቅ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳቡን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ የሚመረጥ ነገር መስጠት ነው፦

«እትዬ፣ ወተት ይቅር እንዳሉ ልጁ ነገረኝ። ምንም አይደለም፣ የቀረውን ብርዎን ዛሬውኑ በቴሌብር እልክልዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ ከወተቱ ነው፣ ከሰዓቱ ነው ወይስ በዝቶባችሁ ነው?»

«ኧረ ወተቱስ ምንም አይል። ረቡዕና ዓርብ እየተጠራቀመ ሐሙስና ቅዳሜም አያልቅ፤ የድመት ቀለብ ሆነ እኮ።»

«እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ አናምጣ። ያልመጣበትን ቀንም አይከፍሉም።»

«እንዲህም ይደረጋል እንዴ?»

በዚህ ንግግር ውስጥ የዋጋ ነገር አልተነሣም። «20 በመቶ ልቀንስልዎት» ቢባሉ እትዬ እሺ ይሉ ነበር፤ ድመቷ ግን ወተቱን መጠጣቷን አትተውም፣ ከሁለት ወር በኋላም ስልኩ መልሶ ይጮኻል። ቀሪ ብሩን ቀድሞ ማንሣት የሚጠቅመው ደግሞ ገንዘቤ ሊቀር ነው ብሎ የተጨነቀ ሰው እውነቱን ስለማይናገር ነው። በ12ኛው ቀን የሚያቆም ሰው 18 ቀን በ90 ብር፣ 1,620 ብር ተመላሽ አለው፤ ቁጥሩን ሳይጠየቁ ይንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጾሙ እንምጣ። በ30 ቀን ወር ውስጥ ረቡዕና ዓርብ 8 ወይም 9 ጊዜ ይውላሉ። አዋቂ ብቻ ያለበት ጿሚ ቤት የ30 ቀን ወተት ከፍሎ የሚጠጣው የ21 ወይም የ22 ቀኑን ነው። ለዚህ ቤት «ያለ ረቡዕና ዓርብ» የሚባል ኮንትራት ይክፈቱ፤ 8ቱ ቀን ሲቀር የወሩ ክፍያ ከ2,700 ወደ 1,980 ብር ይወርዳል። ደንበኛው 720 ብር ዳነ፤ እርስዎ ከሰጡት የ540 ብር ቅናሽ ይበልጣል። እርስዎ ያጡት ግን 8 ቀን በ17 ብር፣ 136 ብር ብቻ ነው። ከቅናሽና ከቀን ማስተካከል የቱ ይሻላል ለሚለው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 540ን እና 136ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት በቂ ነው።

ሒሳቡ የሚይዘው ግን ያን ቀን ወተቱን ከገበሬው ካልተረከቡ፣ ወይም ተረክበው ለሌላ ነገር ካዋሉት ነው። ላም አትጾምም። 40 ደንበኛ ያለ ረቡዕና ዓርብ ቢገባ በሳምንት ሁለት ቀን 40፣ 40 ሊትር ይተርፋል። ከጫጫም ሆነ ከባሶና ወራና ከሚያመጡልዎት ገበሬዎች ጋር ከመጀመሪያው «ረቡዕና ዓርብ ይህን ያህል እቀንሳለሁ» ብለው ይነጋገሩ፤ ገበሬው በቤቱ መናጥ ስለሚችል ቀድሞ ከተነገረው አይከፋም፣ በር ላይ ደርሶ ሲመለስ ነው የሚቀየመው። እርስዎ ራስዎ ካስናጡት 1 ኪሎ ቅቤ ለማውጣት እንደ ወተቱ ስብና እንደ አናናጡ ከ20 እስከ 25 ሊትር ይፈጃል፤ ከ40 ሊትር ከ1.6 እስከ 2 ኪሎ ይገኛል፣ ከአሬራው ደግሞ ዓይብ ይወጣል። ቅቤው በጾም ገዢ ባያገኝም ይቆያል፤ ዋጋውም በዓል ሲቃረብ ይነሣል።

ለረዥሙ ጾም ደግሞ ቅናሽ ፈጽሞ መድኃኒት አይሆንም። ለማይጠጣ ሰው በግማሽ ዋጋም ቢሉት ያው ነው። ለሁዳዴ የሚሰጡት «ማሳረፊያ» ነው፤ ኮንትራቱ አይፈርስም፣ የዕቃው ማስያዣ አይመለስም፣ የተረፈ ብር ካለ ወደ ፋሲካ ይሻገራል፣ የሚመለስበትም ቀን ዛሬውኑ ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የሚሳሳተው ጾሙ የሚገባበትን ቀን ከወሩ አከፋፈል ጋር ባለማገናኘቱ ነው። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። የካቲት 1 ሙሉ ወር ያስከፈለ ሰው የሰጠው የ8 ቀን ወተት ነው፤ 22 ቀን፣ 1,980 ብር የደንበኛ ገንዘብ ሁለት ወር ሙሉ እጁ ላይ ይቆያል። ደንበኛው ይህን ብር ሲያስብ ነው «ቁርጡን ብሬን መልስልኝና ይቅር» የሚለው። ማሳረፍ ያሰበውን ሰው በእርስዎ የአከፋፈል ስሕተት አባረሩት ማለት ነው። ትክክሉ የካቲት 1 የ8 ቀኑን 720 ብር ብቻ መቀበል፣ ከሚያዝያ 4 ደግሞ የ27 ቀኑን 2,430 ብር ማስከፈል ነበር። በ2019 ግን ጾሙ የካቲት 29 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል የካቲትን ሙሉውን ቢያስከፍሉ የሚተርፈው የ2 ቀን 180 ብር ነው፤ ሚያዝያ ላይ የሚያስከፍሉት ደግሞ የ7 ቀን፣ 630 ብር ብቻ ይሆናል። በየዓመቱ ባሕረ ሐሳቡ እንደወጣ ይህን ሒሳብ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት።

ሕፃን፣ አራስ ወይም ታማሚ ያለበት ቤት በሁዳዴም ቢሆን ግማሽ ሊትር ይወስዳል፤ «ለልጆቹ ግማሽ እናስቀር?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። በፍልሰታ ግን ይህን አይጠብቁ፣ በነሐሴዎቹ 15 ቀናት ልጆቹም ለመቁረብ አብረው ይጾማሉ። የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ሁሉም ቤት እንደ ሁዳዴ አጥብቆ ስለማይዘው ለሁሉ አንድ ደብዳቤ ከመላክ ቤት በቤት ጠይቆ መለየት ይሻላል። ሙስሊም ደንበኞችዎ በረመዳን የሚፈልጉት የሰዓት ለውጥ ነው፤ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል የሚደርሰው ወተት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ ይድረስላቸው። በ2018 ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ እንዲህ ባለው ዓመት ከክርስቲያኑ ቤት የተረፈውን ማፍጠሪያ ላይ ማዋል ይቻላል።

ያሳረፉትን ሰው መመለስ ከማሳረፉ ይበልጣል። በሰሙነ ሕማማት ሰኞና ማክሰኞ ይደውሉ፤ ረቡዕ ማታ ዝርዝሩን ዘግተው ለገበሬዎቹ ይንገሩ፣ ቅዳሜ ማታ ያድርሱ። ሐሙስና ዓርብ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ስልክም አያነሣም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ «ያለ ረቡዕና ዓርብ» የገቡትን ሁሉ «እስከ ጰራቅሊጦስ በየቀኑ ላምጣ?» ብለው ይጠይቋቸው። በዓመት ውስጥ ወተት በብዛት የሚፈለግበት ወቅት ይህ ነው፤ በእነዚህ 50 ቀናት ለማንም ቅናሽ አይስጡ።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት የወተቱ ጥራት ነው። ይህን ያነሣ ደንበኛ ቅናሽ ሲባል ጭራሽ ይናደዳል፤ «የተበላሸውን በርካሽ ውሰጂ» እንደማለት ነው የሚሰማው። ሲፈላ የተቆራረጠ ወተት ብዙውን ጊዜ ከአራት ነገር አያልፍም፦ የማታ አለባ ከጠዋቱ ጋር ተቀላቅሏል፣ ዕቃው በደንብ አልታጠበም (ፕላስቲክ ጀሪካን አንዴ ከተጫረ ጠረኑን አይለቅም፤ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ይሻላል)፣ እንገር ገብቶበታል፣ ወይም ላሟ የጡት በሽታ አለባት። በርክክቡ ላይ በትንሽ ብልቃጥ ወተትና 68 በመቶ አልኮል እኩል ለእኩል ቀላቅለው ያወዛውዙ፤ ፍርፋሪ ከታየ የዚያን ገበሬ ወተት ከሌላው ጋር አይደባልቁ። ደብረ ብርሃን ላይ «ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚል መዘናጋት አለ፤ ብርዱ የሚያዘገየው ነው እንጂ ትናንት ማታ በቆሸሸ ጀሪካን የገባውን አያድነውም። በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ወተት ካለዎት ደግሞ ቆላው ምሕረት የለውም።

የውሃው ጉዳይ የሚለካው በላክቶሜትር፣ የወተትን ውፍረት በሚያነብ መሣሪያ፣ ነው። ጤናማ ያልተቀላቀለ የላም ወተት ከ28 እስከ 32 ባለው ያነብባል፤ ከ26 በታች ከወረደ ጥርጣሬ አለ። ብዙዎች የሚያመልጣቸው የሙቀቱ ነገር ነው፤ የቀዘቀዘ ወተት ይወፍርና ንባቡ ከፍ ይላል። መሣሪያው ለ20 ዲግሪ ከተሠራና በኅዳር ውርጭ ጠዋት የተረከቡት ወተት 10 ዲግሪ ከሆነ፣ በያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.2 ስለሚጨምር፣ 27 ብሎ ያነበበው በትክክል 25 ነው። ውሃ የገባበትን ወተት በብርድ ጠዋት ንጹሕ ነው ብለው ይረከባሉ፤ ደንበኛዋ ግን ስታፈላው ሰልባቦቱ መሳሳቱን ታያለች። ለቅሬታ የሚከፈለው ካሣ አንድ ነው፤ የዚያኑ ቀን ከ6 ሰዓት በፊት ሌላ ሊትር መላክና የዕለቱን 90 ብር መመለስ። ሁለቱም ተደምረው 163 ብር ይፈጁብዎታል፤ ከቅናሹ 540 ጋር ያነጻጽሩት።

ሰዓት ያረፈደበት ሰው የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው፤ የባጃጁን ዙር ይገልብጡለት። ከተማ የለቀቀን ሰው መርቀው ይሸኙ። ጎረቤቱ ላሟ የወለደችለትን ከስድስትና ሰባት ወር በኋላ፣ ወተቷ ሲቀንስ፣ ይደውሉለት።

የቀረው በእውነት ብር ያጠረው ነው። ለእሱም መጀመሪያ የሚቀርበው ግማሽ ሊትር ነው እንጂ ቅናሽ አይደለም፤ ክፍያው በግማሽ ሲወርድለት እርስዎ በቀን 8 ብር ከ50 እያተረፉ ይቀጥላሉ። ይህም ካልሆነለት፣ ያኔ ቅናሽ ይገባዋል። ማን ያገኛል ለሚለው መስመሩን አስቀድመው ያስምሩ፤ ዋጋውን ራሱ ያነሣ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ክፍያ ያላስተጓጎለ፣ ባለፉት 12 ወራት ቅናሽ ያልወሰደ። መጠኑ 10 በመቶ፣ ጊዜው 2 ወር። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ወጪ ሲከመር የሚመጣው ጥያቄ ባብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው። የሚጽፉለትም እንዲህ ነው፦ «ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 30 በሊትር 81 ብር፤ ከኅዳር 1 ጀምሮ 90 ብር።» ጥቅምት 25 ደውለው ያስታውሱት። ሳይነገረው 90 የተጠየቀ ሰው ዋጋ እንደተጨመረበት ነው የሚቆጥረው።

ከጥሬ ብር ቅናሽ የወተት ቅናሽ ይሻላል። «የ27 ቀኑን ከፍለው የ30 ቀን ይወስዳሉ» ቢሉት ሒሳቡ ለሁለታችሁም ያው 270 ብር ነው፤ ጥቅሙ ነጻዎቹን ቀናት እርስዎ መምረጥዎ ነው። ሦስቱን ነጻ ቀናት 28፣ 29 እና 30 ላይ ያድርጓቸው፤ የሚቀጥለውን ወር ክፍያ የሚጠይቁበት ሰሞን ነውና።

ቅናሹን የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እርስዎ። አመላላሹ ልጅ ሥልጣኑ ካለው ክርክር ለመሸሽ ለሁሉም «እሺ» ይላል፤ ካልታመነም ከደንበኛው 90 ተቀብሎ ለእርስዎ 72 ያስገባል፣ ደብተሩ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ለልጁ የሚበቃው ቃል «ለጋሼ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ ማታ ይደውሉልዎታል» የሚለው ነው። ደግሞም በአቦል ላይ የተወራ ቅናሽ በረካው ሳይቀዳ ሰፈሩን ያዳርሳል። በየሳምንቱ የሚደውልልዎት አዲስ ሰው ከዚያ የቡና ረከቦት ነው የሚመጣው፤ ወተት ሰልችቶት አይደለም፣ ጎረቤቱ በ72 እየጠጣች እሱ 90 መክፈሉ ስላንገበገበው ነው። ስለዚህ በምስጢር የሚሰጥ ነገር ባይኖርዎት ይመረጣል። ሙሉ ወር፣ ያለ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሽ ሊትር፣ የጾም ማሳረፊያ፤ እነዚህን ከነዋጋቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው መረከቢያ ቦታዎ ላይ ይለጥፉ፣ ለደንበኛም ያድሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ስለሚያዝ፣ ወረቀቱ ከዚያም አንጻር ይጠቅምዎታል።

ቅናሹ በእርግጥ ሰው እያስቀረልዎት እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ደብተሩ ላይ ተራ ቁጥር አለ። ለ60 ቀን በዋጋ ምክንያት «ላቁም» ካሉት ውስጥ ቁጥራቸው ጎዶሎ ለሆነው የ2 ወሩን የ10 በመቶ ቅናሽ ያቅርቡ፣ ሙሉ ለሆነው ግማሽ ሊትሩን ብቻ። በ60ኛው ቀን ከየወገኑ ስንት ሰው እንደቀረ ይቁጠሩ፤ ልዩነቱን ከላይ ካለው ማካፈል ጋር ያስተያዩት። «ይህኛውስ ያሳዝናል» ብለው ከሙሉው ወገን አንዱን ወደ ጎዶሎው ካሻገሩ ግን ቆጠራው ተበላሸ።

አሁን ወደ 31ዱ። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይንኩ፤ ብዙዎቹ ቢሄዱ የተረከቡት ወተት ይደፋብዎታል። በየሳምንቱ 10 ያህሉን፣ የከፈሉት ወር ከማለቁ 10 ቀን በፊት ይደውሉላቸው። ጊዜውንም ከጾም መግቢያ ያርቁት። «እስካሁን በ72 ብር ሳቀርብልዎት ነበር፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን አልችልም። ያለ ረቡዕና ዓርብ ቢሆን በ1,980፣ ግማሽ ሊትር ቢሆን በ1,350፣ እንደ ድሮውም ከሆነ በ2,700። የቱ ይሁንልዎት?» ከ2,160 ወደ 1,980 የሚወርድ ክፍያ የቀረበለት ጿሚ ቤት በአብዛኛው እሱን ይመርጣል፤ ለእርስዎም በወር 22 ቀን በ17 ብር፣ 374 ብር ያተርፍልዎታል። የሚቆጡና የሚሄዱ ይኖራሉ። እንኳን ገሚሱ፣ ከ31ዱ 30ው ሄደው አንዱ ብቻ በሙሉ ዋጋ ቢቀር በወር 510 ብር ይተርፍዎታል፤ ዛሬ ከሁሉም ላይ 930 እየከሰሩ ነው።

ለሚሄደው ሰው የዕቃ ማስያዣውን በዚያው ዕለት ይመልሱ፣ ስሙን ግን አይሰርዙት፤ የሄደበትን ምክንያት በአንድ ቃል (ጾም፣ ጥራት፣ ብር፣ ሰዓት፣ ዝውውር) ከጎኑ ይጻፉና መልሰው የሚደውሉበትን ቀን ይወስኑ። ማስያዣ እየያዙ ደንበኛ ለማቆየት የሚሞክሩ አሉ፤ ያቆዩት ብሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ስለ 89ኙም አንድ ነገር ልጨምር። ምንም ሳይጠይቁ ዓመቱን ሙሉ 90 ብር የከፈሉት እነሱ ናቸው፤ እስካሁን ግን የተሸለመው «ላቁም» ያለው ነው። በጳጉሜን መጨረሻ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ለያንዳንዳቸው 1 ሊትር በነጻ ይላኩ። ለአንድ ቤት 73 ብር ይወጣል፤ ለአንድ ቅናሽ ጠያቂ በወር በሚሰጡት 540 ብር 7 ቤት ይዳረሳል።